የቁልቁለቱ ጠጠር

ነቀምት ውስጥ ቁልቁለት ያልሆነ ግቢ መኖሩን እንጃ፤ የአቶ ጋሩማ ግን የለየለት ነው። ቤቱ አናት ላይ፣ የብረት በሩ ታች አስፋልቱ ዳር፣ በሁለቱ መካከል ሠላሳ ሜትር የሚሆን ጠጠር የለበሰ የመኪና መግቢያ። በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ አንድ ሲኖትራክ ጠጠር ይገለበጥበታል፤ ሐምሌ ሲገባ ያ ሁሉ ጠጠር አስፋልቱ ላይ ይገኛል። ባጃጆች ይንሸራተቱበታል፣ ሾፌሮቹ ባለቤቱን ከነዘር ማንዘሩ ይራገማሉ፣ ጎረቤት በአካፋ እየዛቀ የራሱን ደጅ ያሳምርበታል። አቶ ጋሩማ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ናቸው፤ ሰው ያከብራቸዋል፣ እሳቸውም መከበሩን ይወዳሉ። በእሳቸው ጠጠር የሌላው ደጅ ማማሩ አንጀታቸውን ያሳርረው ነበር።

ያን ዓመት ግንቦት መጨረሻ ላይ ከግቢያቸው ጀርባ ያለው ቅያስ ኮብልስቶን ሲነጠፍ ወጡና የሠራተኞቹን አለቃ አማከሩት። አለቃው ኮንክሪት ካልተሞላ በቀር የዚህን አገር ዝናብ የሚችል ነገር የለም ብሎ ቁርጡን ነገራቸው። እሳቸው ደግሞ ኮንክሪት አይፈልጉም። ጠጠር በመኪና ጎማ ሲረገጥ የሚያሰማውን ድምፅ ይወዱታል፤ ሰው መግባቱ የሚታወቅበት የትልቅ ቤት ድምፅ ነው ይላሉ። ከኋላቸው ልጃቸው ፌኔት ጃንጥላ ይዛ ቆማለች። ድንጋይ ይጠርብ የነበረው ቶላ ቀና ሲል ዓይኑ እሷ ላይ አረፈ። አለቀ። መዶሻውን አስቀምጦ ተነሳና፣ ከሥራ መልስና ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ጠጠሩን አላንቀሳቅስ የሚል መላ እንደሚፈልግላቸው፣ እዚያው ጀርባቸው ቤት ተከራይቶ ስለሚኖርም ለጉርብትና ብሎ እንደሚያደርገው ነገራቸው። አቶ ጋሩማ ከእግር እስከ ራሱ አዩትና «ዋቅኒ ሲፍ ሃ ኬኑ»፣ እግዜር ይስጥህ፣ ብለው መረቁት። ዋጋህ ስንት ነው አላሉትም።

እንግዲህ ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ቶላ የአርጆ ገጠር ልጅ ነው። አባቱ እናቱን ያገኙት አንድ ሙሉ ክረምት የአባቷን ማሳ አርሰው ነው። በእነሱ መንደር አንድ ጎረምሳ ልጃገረድ ያለችበት ቤት ሄዶ በነጻ ሲሠራ ለምን እንደመጣ ማንም አይጠይቀውም፤ ይታወቃል። አባትየው ካልፈለገው በመጀመሪያው ቀን ‹ዋጋህን ንገረኝ› ይለዋል። ጎረምሳውም ገብቶት ዶማውን ተሸክሞ ይሄዳል፤ ጠብ የለ፣ ሐሜት የለ። አባትየው ዋጋ ሳይጠይቅ ዝም ብሎ ካሠራው ግን ልቡ ፈቅዷል ማለት ነው። አቶ ጋሩማ አልጠየቁም። ቶላ ወደ ድንጋዩ ሲመለስ ጣቱን ሁለት ጊዜ በመዶሻ መታ።

አይ ቶላ። ዋጋ የማይጠይቅ ሰው ከተማ ውስጥ ምን እንደሚፈልግ የሚነግረው አንድ ሰው አጣ።

መጀመሪያ የሞከረው በባሕር ዛፍ ነበር። በመግቢያው ግራና ቀኝ አጣና አጋድሞ በችካል ያዘው፤ በየአምስት እርምጃው ደግሞ አግድም አንዳንድ ደነቀረበት። ሲያዩት ያምር ነበር። ሰኔ በገባ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ዝናብ መጣና አጣናውን ከነችካሉ ነቅሎ በሩ ሥር ከመረው። በሩ አልከፈት ብሎ አቶ ጋሩማ በጎረቤት ግቢ ዞረው በእግራቸው ሱቅ ወረዱ። አልተቆጡም። ይኸም ለቶላ ምልክት ሆነለት፤ የቀን ሠራተኛ ብሆን ኖሮ ይጮኹብኝ ነበር አለ በልቡ።

ቀጥሎ የገባው ነገር ጠጠሩ የሚያልቀው በጎርፍ ብቻ አለመሆኑ ነው። ታቹ ቀይ አፈር ነው፤ ሲርስ ገሚሱን ጠጠር ይውጠዋል። ቶላ በከተማው ዙሪያ ያሉ የጉቶ ጊዳ ገበሬዎች ዘንድ እየዞረ ባዶ የማዳበሪያ ጆንያ ለመነ። ተርትሮ እርስ በእርሱ በወስፌ ሰፋው፣ እንደ ምንጣፍ ዘረጋው፣ ጠጠሩንም መልሶ በላዩ አለበሰው። ጠጠሩ መስመጡን ተወ። መንሸራተቱ ግን ባሰ፤ ዝናቡ ሲመታው ሸራ ላይ እንደተደፋ ሽምብራ እየተንከባለለ ቁልቁል ወረደ። ቶላ አስፋልቱ ላይ ተንበርክኮ ሲለቅም አንድ ባጃጅ ጭቃ ረጨው። ቀና ሲል ፌኔት በበሩ ስንጥቅ እያየችው ትስቃለች። እሱም ሳቀ። በመሳቋ ደስ አለው፣ ምን ይደረግ።

መላውን ያገኘው ጎሚስታ ቤት ነው። ያረጁ የመኪና ጎማዎች ተከምረው አየና ለመናቸው። የጎማውን ሁለት ጎን በሳሙና ውሃ እያራሰ በቢላዋ ቆርጦ ጣለ፤ የቀረውን ቀለበት መኪና በሚሄድበት መስመር ላይ ደርድሮ፣ እርስ በእርሱ በሽቦ አስሮ፣ እስከ ከንፈሩ ድረስ ቀበረው። ክብ ክቡን የወንዝ ጠጠር አውጥቶ በምትኩ ኮብልስቶን ሲጠረብ የሚረግፈውን ሾጣጣ ፍንጣሪ ሞላበት፤ ክብ ድንጋይ ይንከባለላል፣ ሾጣጣው ግን እርስ በእርሱ ይናከሳል። ጠርዙን ጥርብ ድንጋይ ግማሽ አካሉን እየቀበረ አቆመለት። መሃሉን እንደ አህያ ጀርባ ከፍ አደረገና ውሃው ግራና ቀኝ ወደ ቦዩ እንዲወርድ አደረገ። ሁሉም በእጅ ጋሪና በዲጂኖ ነው። የጎማው ሽቦ መዳፉን ሰንጥቆት በጨርቅ አስሮ ሠራ። አለቃው ትርፍ ሰዓት ሥራ ሲሰጠው እምቢ አለ፤ ጓደኞቹ አበድክ እንዴ ሲሉት ለክረምቱ ሥራ አለኝ ይላቸዋል፣ ፊቱ ያበራል።

ግን ልቡን ከሁሉ በላይ የሞላው የእናትየው ነገር ነው። ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ነቀምት ተወልደው ያደጉ ናቸው፤ አባታቸው ከሸዋ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ነበሩ። ኦሮምኛውን ከማንም በላይ ይናገሩታል። ቤታቸው ውስጥ ያለው ወግ ግን የአባታቸው ቤት ወግ ነው፤ ቶላ ይህን ከየት ይወቅ? በእሱ አገር ሴት አማት በልጇ ባል ፊት አትበላም፣ ስሙን በአፏ አትጠራም፣ ፊት ለፊትም አትገጥመውም፤ ከባድ ክብር ነው። ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ደግሞ በረንዳ ላይ ምሳ እየበሉ ቶላ እጁን ታጥቦ ብቅ ሲል ሳህናቸውን ይዘው ወደ ውስጥ ይገባሉ። ስሙን አንድ ቀን ጠርተውት አያውቁም። ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ቆሞ ሳለ እንኳ የቤት ሠራተኛቸውን ኡርጂን ይጠሩና፣ ያን ድንጋይ ወዲያ ያድርገው ብለሽ ንገሪው ይላሉ። ኡርጂም ዞር ብላ ትነግረዋለች፤ እሱም እንዳልሰማ ሆኖ ከኡርጂ ይሰማል።

በመጀመሪያው ሳምንት ግራ ገባው። በሁለተኛው ሳምንት ገባኝ አለ። የዚያን ዕለት ድንጋይ ተሸክሞ ሲሄድ ልቡ ጮቤ ትረግጥ ነበር። ከዚያ ወዲያ እሱም በአገሩ ደንብ መለሰላቸው፤ ሲያልፉ ፊቱን ያዞራል፣ ስማቸውን አያነሳም፣ እሳቸው የተቀመጡበት ወንበር ላይ አይቀመጥም። ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ይህን አይተው ለባላቸው፣ ልጁ ጨዋ ነው፣ ቦታውን ያውቃል አሉ። ሁለቱም በየፊናቸው ደስ ብሏቸው ክረምቱን ከረሙ።

ፌኔት ደግሞ ኮሌጅ ጨርሳ ቤት የተቀመጠች፣ ክረምቱ የረዘመባት ልጅ ነበረች። አንዳንድ ቀን ወርዳ የጠርዙን ድንጋይ የሚያስተካክልበትን ሲባጎ ጫፍ ትይዝለታለች። እጁን ስላሰረው ጨርቅ ጠይቃው በሚቀጥለው ቀን ፋሻ አመጣችለት። አንድ ቅዳሜ ጠርዙ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ይህ ነገር እስከ ጥር ይቆያል ወይ አለችው። ከጥር አልፎ ልጆችሽም ይሮጡበታል አላት፤ ይህን ሲል ጆሮው ድረስ ቀላ። እሷ ጎንበስ ብላ ሳቀች። ለምን ጥር እንዳለች ቶላ አልጠየቀም፤ ጥር የሠርግ ወር መሆኑን ማን ያስተውል፣ ስለ እኔ እያሰበች ነው ብሎ ደመደመ።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ጣለ። የሰፈሩ ቦይ ሁሉ ገነፈለ፣ የታችኛው ጎረቤት አጥር ወደቀ። ቶላ ሥራውን ጥሎ እየሮጠ መጣና በሩ ላይ ቆመ። ውሃው ከመሃሉ ወደ ግራና ቀኝ እየተከፈለ በቦዩ ይወርዳል፤ አስፋልቱ ላይ አንዲት ጠጠር የለችም። አቶ ጋሩማ ከበረንዳው ሆነው እጃቸውን አነሱለት። ቶላ ዝናቡ ውስጥ ቆሞ አለቀሰ፤ ደግነቱ እንባውን ከዝናቡ የሚለየው ሰው አልነበረም።

መስከረም አልፎ ጥቅምት ሲገባ አርጆ ወርዶ አጎቱን ሞሲሳን ሽማግሌ ሁኑልኝ አላቸው። ሞሲሳ በአገራቸው ብዙ ትዳር ያቆሙ፣ ነገር ሳያጣሩ እግራቸውን የማያነሱ ሰው ናቸው። የባለጸጋ ቤት መሆኑን ሲሰሙ ፊታቸው ከበደና ቃል ሰጥተውሃል ወይ አሉት። ቃል አልሰጡኝም አለ ቶላ፤ ግን አባትየው ዋጋ ሳይጠይቁኝ አራት ወር አሠርተውኛል፣ እናትየውም አራት ወር ሙሉ ስሜን አልጠሩም፣ በፊቴም እህል አልቀመሱም። ሞሲሳ ይህን ሲሰሙ ዱላቸውን መሬት ላይ አሳረፉ። ታዲያ ያለቀ ነገር ነው፣ እኛ የምንሄደው ለወጉ ብቻ ነው አሉት። ሁለት ሽማግሌዎች ጨመሩ፤ ነጭ ጋቢያቸውን አሳጠቡ።

ቅዳሜ ማለዳ ሦስቱ ሽማግሌዎች የብረቱን በር አንኳኩ። ቶላ በወጉ መሠረት አብሮ አልገባም፤ ከበሩ ውጪ አጥሩ ሥር ቆሞ ቀረ። እግራቸው ጠጠሩን ሲረግጥ ሰማ። ድምፁ ጥሩ ነበር፣ ጠንካራ፣ የማይንሸራተት። ልክ ነህ የሚለው መሰለው። ማለዳው ጸጥ ስላለና ቤቱ አናት ላይ ስለሆነ ከበረንዳው የሚነገረው ሁሉ አጥሩ ድረስ ይሰማል።

አቶ ጋሩማ ሽማግሌዎቹን በትልቅ አክብሮት ተቀበሉ፤ ወንበር አስወጡ፣ ስለ አርጆ ዝናብና ስለ በቆሎው ጠየቁ። ሽማግሌዎቹ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። ሞሲሳም በሚያምር አነጋገራቸው ጀመሩ፤ ዘመድ ፍለጋ እንደመጡ፣ ልጃቸው ቶላ በዚህ ቤት አራት ወር ደፋ ቀና ብሎ ታማኝነቱን እንዳሳየ፣ ፌኔትን ለትዳር እንደሚጠይቁለት ተናገሩ።

«ቶላ የትኛው ነው?» አሉ አቶ ጋሩማ።

ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ከበሩ ደፍ ላይ ሆነው መለሱላቸው። «ያ ጠጠር የሚሠራው ልጅ መሆን አለበት። ስሙ ቶላ ነው እንዴ?»

ሞሲሳ አሁንም ፈገግ እንዳሉ ናቸው፤ ለወጉ ያስመሰሉ መስሏቸው ነው። ስሙን በአፍዎ አለመጥራትዎ ለክብር መሆኑን እናውቃለን፣ በፊቱ እህል እንዳልቀመሱም ነግሮናል፣ የጨዋ ቤት ነው ብለን ኮርተናል አሉ። ወይዘሮ ጸሐይወርቅ መጀመሪያ ነገሩ አልገባቸውም። ባላቸውን አዩ፣ ሽማግሌዎቹን አዩ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ የሚያሳምመውም ይኸው ነው፣ ከልባቸው ነው የጠየቁት።

«ከቀን ሠራተኛ ጋር ቀርቤ ልብላ ኖሯል?»

ከአጥሩ ውጪ ቶላ እጁ የግንቡ ድንጋይ ላይ እንዳለ ቀረ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ግን መሬት ማንንም አትውጥም፤ አቶ ጋሩማም ውጪ መቆሙን ያውቁ ኖሮ ልጁም ይግባ አሉ። ኡርጂ በሩን ከፈተችለት። ሽቅብ ወጣ፤ እያንዳንዱን ጎማ በየትኛው ቀን እንደቀበረው ያውቃል፣ እነሱን እያየ ወጣ። በረንዳው ሥር ሲደርስ ቆመ።

አቶ ጋሩማ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ለጉርብትና ነው አላልክም?»

«ብያለሁ።»

«እኔስ ልጄን እሰጥሃለሁ ብዬሃለሁ?»

«አላሉም።»

«ታዲያ እነዚህን አባቶች ለምን አደከምካቸው?»

አቶ ጋሩማ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩና ይቅርታ በሚመስል አነጋገር አስረዱ። ፌኔት ሚያዝያ ላይ ቀለበት አስራለች፤ ሙሽራው የጊምቢ ልጅ ነው፣ የመድኃኒት መደብር አለው። ሠርጉ ጥር ላይ ነው፤ ሃያ መኪና እዚህ ግቢ ይወጣል። መግቢያው በጠጠር እጦት ያዋርደኛል ብዬ ሰግቼ ነበር፣ ልጁ አሳረፈኝ፣ እጁ ይባረክ አሉ። ከዚያ እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው ቦርሳቸውን አወጡ።

«ዋጋህን ንገረኝ» አሉት።

ሞሲሳ ይህን ሲሰሙ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። አቶ ጋሩማ ቁርስ ሳትበሉማ አትሄዱም ብለው ቢለምኗቸውም እምቢ አሉ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ቁልቁል ወረዱ። ሞሲሳ ቶላ አጠገብ ሲደርሱ ቆም አሉ፤ የቁጣ ቃል ጠብቆ ነበር። «እኔም አምኜ ነበር» አሉት ዝቅ ብለው፣ ዓይኑን ሳያዩት። ና እንውረድም ሳይሉት አለፉ። አቶ ጋሩማና ባለቤታቸው ቁርሱ ይቀዘቅዛል ተባብለው ወደ ውስጥ ገቡ፤ አቶ ጋሩማ ቆጥረው ያስቀመጡት ብር ወንበሩ ላይ ቀረ፣ ቶላ አልነካውም።

ብቻውን ሲቀር ደሙ ፈላ። ዲጂኖው ከቤቱ ጎን ተደግፎ ይታየዋል። ሽቦው የት የት እንደታሰረ ያውቃል፤ ሦስቱን ብቻ ቢበጥስ፣ የላይኛውን ጠርዝ ድንጋይ ቢነቅል፣ የመጀመሪያው ዝናብ ቀሪውን ይጨርስለታል። ጥር ላይ ዝናብ ባይኖር እንኳ የሃያ መኪና ጎማ ይበቃዋል። ወደ ዲጂኖው ሁለት እርምጃ ተራመደ።

ፌኔት ያኔ ወጣች። ሁሉንም ሰምታለች፤ መስኮቷ በረንዳው ላይ ነው የሚከፈተው። በነጠላ ጫማ ነበረች፣ በእጇ ካርቶን ይዛለች። ቶላ ቆመ። እኔ አላወቅሁም ነበር ትላለች ብሎ ጠበቀ፤ ቢያንስ አይዞህ ትለኛለች ብሎ ጠበቀ። ሞኝ ልብ፣ ከዚያ ሁሉ በኋላ እንኳ ይጠብቃል። እሷ ካርቶኑን ከፈተች፣ ነጭ ባለ ተረከዝ የሠርግ ጫማ አወጣች፣ አንዱን አደረገችና ጠጠሩን ረገጠች። ቀጭኑ ተረከዝ ፍንጣሪው መሃል ስጥም አለ።

«ይኸው» አለች። «መኪናውን ይችላል፣ እኔን ግን አይችልም። ቀሚሴን ይዤ ስወርድ ብወድቅስ?»

ቶላ አያት። እያሾፈችበት ቢሆን ይሻለው ነበር። አላሾፈችም፤ ጭንቀቷ እውነተኛ ነበር፣ ጫማዋ ብቻ ነበር የሚታያት። ተንበርክኮ ተረከዙን ከጠጠሩ ነቀለላት፣ የተጫረውን በአውራ ጣቱ ዳበሰው። አፉ ከልቡ ቀድሞ ተናገረ። ከላይ ደቃቅ ያስፈልገዋል አላት፤ የፍንጣሪውን ብናኝ በወንፊት ነፍቶ፣ ከቀይ አፈር ጋር ለውሶ፣ በውሃ እያራሱ መጠቅጠቅ ነው። መሄጃዋን ብቻ ከሆነ ሦስት ቅዳሜ ይበቃዋል።

«ትመጣለህ አይደል?» አለችው።

እመጣለሁ አላት። መጣም። ሦስቱንም ቅዳሜ ከማለዳ እስከ ማታ በእንጨት መጠቅጠቂያ ወገቡ እስኪቆረጥ ቀጠቀጠው፤ ጓደኞቹ በአጥሩ በኩል ሲያልፉ እያዩት አበድክ እንዴ ማለቱን ትተዋል። ኡርጂ ምሳውን በድንጋዩ ላይ ታስቀምጥለታለች፣ ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ሳህናቸውን ይዘው ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ አሁን ለምን እንደሚገቡ ያውቃል፣ አንገቱን ደፍቶ ይበላል። በሦስተኛው ቅዳሜ አመሻሹ ላይ ፌኔት ጫማዋን አድርጋ ወረደች። ከበረንዳው እስከ በሩ ድረስ ሄደች፤ ተረከዙ አልሰመጠም። ቶላ መጠቅጠቂያውን ተደግፎ ሲያይ ቆይቶ፣ እንደገና አንድ ጊዜ ብቻ ሂጂበት አላት።

«ሰዓት የለኝም» አለችው፤ ጫማዋን አውልቃ ሶሉን አራገፈችና ወደ ቤት ገባች።